ባሕር ዛፍ ዜግነት አይወስድም፦ «ኔቹራላይዜሽን ማለት መልመድ ነው» ላለው ወንድማችን መልስ

ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ የምትዞር አንድ ጽሁፍ አለች፣ ርዕሷ «ኔቹራላይዜሽን ማለት መልመድ ነው» ይላል፣ ከስሯ «ከደሴ» ተብሎ ብቻ ተፈርሞባታል። ላላነበበ ሰው ባጭሩ፦ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ ቆይቶ ቆይቶ የኛ ሆነ፣ በርበሬም እንደዛው፣ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ቃልም እንደዛው፣ ስለዚህ ሰውም አንድ ሀገር ረጅም ጊዜ ከኖረ ኔቹራላይዝድ ሆኗል፣ ማለትም የሀገሩ ዜጋ ሆኗል፣ ወረቀቱ ፎርማሊቲ ነው ትላለች። ከዛ ስለ ዜግነት ህግ፣ ስለ ቢጫ ካርድ፣ ስለ ኢቃማ (የሳውዲ መኖሪያ ፈቃድ)፣ ከውጭ ሰው ስለተወለዱ ልጆች ነጥብ በነጥብ ትወርዳለች። አጻጻፉ ያምራል፣ እሱን አልክድም። ችግሩ ካሉት ነጥቦች አብዛኞቹ ስህተት ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ሁለቱ ደግሞ ሰው ላይ ጉዳት የሚያመጡ ናቸው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ኮምቦልቻ ላይ ፎቶ ኮፒና ማመልከቻ የምንጽፍበት ቤት ነው የምሰራው፣ እና ጽሁፏ ከወጣች ወዲህ ሰው ስልኩን ይዞ እየመጣ «ይሄ እውነት ነው?» ይለኛል። ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ከዛፉ ልጀምር፣ ክርክሩ ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ስለሆነ። ባሕር ዛፍ የገባው በምኒልክ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1894 እና 95 አካባቢ፣ አዲስ አበባን ማገዶ ሲቸግራት ነው፣ እዚህ ድረስ ልክ ነህ ወንድሜ። ግን የእጽዋት ሰዎች መጤን ተክል ኔቹራላይዝድ ሆነ የሚሉት ብዙ ዓመት ስለቆየ አይደለም። ሰው ሳይተክለው፣ ሳያጠጣው፣ ሳይኮተኩተው፣ በራሱ እየተራባ ትውልድ ሲቀጥል ነው። አሁን ቀና ብለህ ጦሳን እይ፣ ያ የምታየው ባሕር ዛፍ በሰው እጅ በችግኝ የተተከለ ነው፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ባለቤቱ እንደገና ቆርጦ ለአጣና ይሸጠዋል፣ ሲያረጅበት ደግሞ ሌላ ችግኝ ይተክላል። ይሄ መጤ ሆኖ ሰው የሚያለማው ተክል ነው። በርበሬማ ጭራሽ። ከአሜሪካ አህጉር መምጣቱ ልክ ነው (በርበሬ ወንዝ የሚባል ሰፈር ላለን ለኮምቦልቻ ሰዎች ትንሽ ቢያምም)፣ ግን ገበሬው መደብ ሰርቶ፣ አፍልቶ፣ አዙሮ ካልተከለው አረም ይውጠዋል እንጂ በራሱ ዱር ገብቶ ሲራባ አታየውም። ወጣችን ውስጥ መግባቱ ሌላ ነገር ነው።

የምርህን ኔቹራላይዝድ የሆነ ተክል ማየት ካማረህ ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ የሚወስደውን አስፋልት ዳር ዳሩን ሂድ። ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተበጣጠሰ፣ አበባው ጥቃቅንና ነጭ የሆነ፣ ጠጠር ላይ እንኳን ሳይቀር የሚበቅል አረም ታገኛለህ። ቅንጬ አረም ነው። እሱም የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፣ በእርዳታ እህል ውስጥ ተቀላቅሎ ገባ ተብሎ ነው የሚታመነው፣ ማንም አልተከለውም ማንም አላጠጣውም፣ አንዱ ተክል ብቻ ከ15 ሺህ በላይ ዘር ይበትናል። የነቀለውን ሰው ቆዳ ያሳክካል፣ ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፣ ማሽላ ውስጥ ከገባ ማሽላውን ያቀጭጫል። እንግዲህ በራሱ ተራብቶ መኖርና ሌላውን እየገፋ መስፋፋት የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፣ ሁለተኛው ላይ የደረሰው ወራሪ ይባላል፣ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ያስቸገረንን እምቦጭ አስበው። ብዙ መጤ ተክል ግን ኔቹራላይዝድ ሆኖ ሳይወርር ዝም ብሎ ይኖራል። አንተ ሦስቱንም፣ የተተከለውን፣ በራሱ የሚራባውንና ወራሪውን፣ «ለመደ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልለህ ነው ያለፍከው። ከዛ ያንን ቃል አንስተህ ሰው ላይ ለጠፍከው። በዚህ ሂሳብ እኮ ከሁሉም ቀድሞ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚገባው ቅንጬ አረም ነው!

ስለ ቃላቱ ብዙ አልልም። ጎሚስታ፣ ማኪያቶ፣ ፒያሳ ስላልን ብቻ አይደለም ቃሉ የኛ ሆነ የሚባለው፣ ዋናው «ፊርማ» የሚለው ቃል ላይ የሆነው ነገር ነው። ከጣሊያንኛ መጣ፣ ከዛ ፈረመ አልን፣ አስፈረመ፣ ተፈራረሙ፣ ፈራሚ፣ አሁን የማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። እዚህም ቢሆን ነገሩ በራሱ መራባት ነው እንጂ መቆየት አይደለም።

አሁን ወደ ሰው እንምጣ፣ ሰው ላይ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፣ ምክንያቱም ዜግነት በራሱ አይበቅልም፣ ጠያቂ አለው ሰጪ አለው፣ መሃላ አለው።

«ኢትዮጵያ ምድር ላይ የተወለደ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው» ብለሃል። አይደለም። ይሄ የአሜሪካ ህግ ነው፣ እነሱ በ1868 በ14ኛው የህገ መንግስት ማሻሻያቸው ያስገቡት፣ ፊልም ላይ አይተነው የኛ መሰለን መሰለኝ። የኛ ህገ መንግስት አንቀጽ 6 የሚጠይቀው የት ተወለደ ሳይሆን ከማን ተወለደ ነው፣ ከአባትና ከእናቱ ሁለቱ ወይም አንዳቸው ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው። ተጥሎ የተገኘ ወላጁ ያልታወቀ ህጻን ብቻ ነው በተለየ የሚታየው፣ እሱ ሌላ ዜግነት እንዳለው ካልተረጋገጠ በስተቀር ከኢትዮጵያዊ እንደተወለደ ይቆጠራል። ከዛ ውጪ ደሴ ሆስፒታል ውስጥ መወለድ ብቻውን ለማንም ዜግነት አይሰጥም።

ቀጥለህ የጻፍከው ነው በጣም ያናደደኝ፣ እዚህ ጋ ታገሰኝ። «የባቡር ሐዲዱንና የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሊሰሩ ከመጡ የውጭ ሰዎች የተወለዱ ልጆች ዜግነታቸው የአባታቸው ነው፣ ኢትዮጵያዊ ለመሆን ኔቹራላይዝ መደረግ አለባቸው» ብለሃል። ኧረ በሞቴ ይሄን ከየት አመጣኸው?

አንዲት እናት ይችን ጽሁፍ በስልኳ ከፍታ ቤታችን መጣች። ልጇ እጇን ይዞ ቆሟል፣ በፌስታል ውስጥ ያለቻት ሰነድ የክትባት ካርዱ ብቻ ናት፣ ካርዷ ላይ የአባት ስም የሚለው ቦታ አንዴ ተጽፎ ተሰርዞ ከላዩ እንደገና ተጽፏል፣ ነርሷ የውጭውን ስም መጻፍ ቸግሯት ይመስላል። አባቱ የሐዲዱ ስራ ላይ ነበር፣ ስራው ሲቆም ሄደ፣ ስልኩ አይሰራም። ሴትየዋ የልደት ሰርተፊኬት ለማውጣት ቀበሌ ልትሄድ ስትል ጎረቤቷ ጽሁፍህን ልካላት «የውጭ ዜጋ ልጅ ደብቀሽ ነው የምትኖሪው ይሉሻል» ብላት ፈርታ ቀረች። የመጣችው «ኔቹራላይዝ ማስደረጊያ ማመልከቻ ጻፉልኝ፣ ስንት ነው?» ብላ ነው። ገንዘብ ፈልገን ቢሆን ዝም ብለን ጽፈንላት ተቀብለን ነበር፣ አንዳንዱ ቤት ያደርገዋልም።

ይሄ ልጅ ኔቹራላይዝ የሚደረግበት ምክንያት የለም፣ ምክንያቱም ከተወለደባት ደቂቃ ጀምሮ ኢትዮጵያዊ ነው፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት፣ አለቀ። አባቱ ይኑር አይኑር፣ ተጋብተው ይሁን ሳይጋቡ፣ ስሙ ይታወቅ አይታወቅ የልጁን ዜግነት አይነካውም። ይሄ ደግሞ ኢህአዴግ ያመጣው አዲስ ነገር እንዳይመስልህ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው፣ ኃይለ ሥላሴ ገና የዘውዱን በዓል ሳያከብሩ የወጣው የመጀመሪያው የዜግነት ህግ ራሱ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ነው የሚለው። ብዙ ሀገሮች በዛን ጊዜ እናትን አይቆጥሩም ነበር። የሴትየዋ ስራ የልደት ምዝገባ ብቻ ነው፣ እሱም በ90 ቀን ውስጥ መሆን ነበረበት አሁን ዘግይቷል፣ የዘገየ ምዝገባ ግን አለ፣ ቀበሌ ሄዳ መጠየቅ ነው።

አንድ የእውነት ማወቅ ያለባት ነገር ነበር፣ እሱን ግን አንተ ጭራሽ አላነሳኸውም። ልጁ በአባቱ በኩል የሌላ ሀገር ዜግነትም ካገኘ፣ 18 ዓመት ሲሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቼ የኢትዮጵያን እመርጣለሁ ብሎ ለኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ ካላሳወቀ በፈቃዱ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። የዜግነት አዋጅ 378/1996 አንቀጽ 20 ላይ ነው ያለው። እንግዲህ ሁለት ወላጅ ከሁለት ሀገር ያለው ልጅ ያላችሁ ሰዎች የምታስቡት ይሄንን ነው፣ ከ18 እስከ 19 ያለችውን ዓመት። እሷንም ይሄንኑ ብለን ማመልከቻ ሳንጽፍላት ወደ ቀበሌ ላክናት።

«የውጭ ሰው ዜጋ ለመሆን አምስት ዓመት መኖርና አማርኛ አጥርቶ መናገርና መጻፍ አለበት» ላልከው፣ ይሄ እውነት ነበር፣ በአያቶቻችን ጊዜ። ከላይ ያልኩህ የ1922ቱ ህግ ነው እንደዛ የሚለው። አሁን የሚሰራው 378/1996 በድምሩ አራት ዓመት ነው የሚለው፣ ቋንቋውም አማርኛ ብቻ አይደለም፣ ከኢትዮጵያ ብሄረሰቦች ቋንቋ አንዱን መግባባት ከቻለ በቂ ነው። ይሄ እኛ ጋ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከኮምቦልቻ ወርደህ ሐርቡን አልፈህ ከሚሴ ስትደርስ ገበያው ኦሮምኛ ነው፣ ከዛ ብዙም ሳትርቅ አርጎብኛ አለ፣ ወደ ባቲ ስትወጣ አፋርኛ ትሰማለህ። ባቲ ገበያ ሲነግድ ኖሮ አፋርኛ ብቻ የለመደ የመናዊ በአሮጌው ህግ ይወድቃል በአዲሱ ያልፋል። ከዚህ ሌላ ለአቅመ አዳም መድረስ፣ ህጋዊ መተዳደሪያ ገቢ፣ መልካም ጸባይ፣ በወንጀል አለመቀጣት፣ የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቁን ወይም መልቀቅ እንደሚችል ማሳየት (ሀገር አልባ ከሆነ አለመኖሩን)፣ በመጨረሻም የታማኝነት መሃላ አለ። ይሄንን ሁሉ አሟልቶ እንኳን ካላመለከተ 40 ዓመት ቢኖር የውጭ ሰው ነው። ወረቀቱ ፎርማሊቲ ነው ያልከው ነገር እዚህ ጋ ይፈርሳል።

ጋብቻውም እንደዛው ነው። «ኢትዮጵያዊ ያገባ ወዲያው ኢትዮጵያዊ ይሆናል» ብለሃል፣ ድሮ ኢትዮጵያዊ ያገባች የውጭ ሴት እንደዛ ነበረች፣ አሁን ግን ወንድም ሆነ ሴት ከተጋቡ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ከማመልከቻው በፊት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ይጠበቃል፣ የገቢና የቋንቋ ጥያቄው ግን ይቀርላቸዋል። «የውጭ ሰው ያገባች ሴት ዜግነቷ ይወሰዳል» የሚለውን ደግሞ እባክህ አጥፋው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 33 በቀጥታ ይቃረንሃል፣ ጋብቻ የማንንም ዜግነት አያስቀርም።

ካርዶቹን ባጭሩ ልለፋቸው። ቢጫ ካርድ ዜግነት አይደለም፣ ግማሽ ዜግነትም አይደለም፣ በአዋጅ 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የተሰጠ መብት ነው፣ ያለ ቪዛ ይገባል ያለ ስራ ፈቃድ ይሰራል፣ ግን አይመርጥም አይመረጥም፣ መከላከያና ደህንነት ውስጥ አይቀጠርም። ፋይዳ መታወቂያም ዜግነት አያረጋግጥም፣ ነዋሪ የሆነ የውጭ ሰውም ያወጣዋል። ግሪን ካርድ ደግሞ አምስት ዓመት ሲሞላው በራሱ ወደ ሲትዝን አይቀየርም፣ ዲቪ ደርሶት የሄደ ዘመድ ያለው ሰው ይጠይቀው፣ ማመልከቻ አለ፣ የእንግሊዝኛና የታሪክ ፈተና አለ፣ እጅ አንስቶ መማል አለ፣ ግሪን ካርዱን እያደሰ እድሜውን ሙሉ ሳያመለክት የሚኖር ሞልቷል። የማለ ሰው ግን የኢትዮጵያ ዜግነቱ በህጋችን ያኔውኑ ይቀራል፣ «በልቤ ኢትዮጵያዊ ነኝ» ልብ ላይ ይሰራል ኢሚግሬሽን ላይ አይሰራም። መመለስ ከፈለገ መንገድ አለው፣ እዚህ መጥቶ መኖር፣ ያኛውን መተው፣ ማመልከት።

ስለ አትሌቶቹ «ዛሬ ለኛ ነገ ለከፈለ ይሮጣሉ» ያልከው ደስ አይልም፣ እውነትም አይደለም። ሲፋን ሀሰን ኔዘርላንድ የገባችው በ2008 በፈረንጆች በ15 ዓመቷ ስደተኛ ሆና ነው፣ ዜግነቱን ያገኘችው በ2013፣ በመሃል አምስት ዓመት አለ። ገንዘብ አሳይተው ልጆች የሚወስዱ ሀገሮች መኖራቸው አይካድም፣ ለዚያ ነው የዓለም አትሌቲክስ በ2018 ህጉን ያጠበቀው፣ ዝውውር ከ20 ዓመት በታች የለም፣ ሦስት ዓመት መጠበቅ አለ፣ አንዴ ብቻ ነው። ፓስፖርት በማግስቱ ቢሰጥህ እንኳን በማግስቱ ማልያ ለብሰህ አትሮጥም።

አሁን ሁለተኛው ጉዳት ያለው ነገር፣ ኢቃማ። «ሳውዲ አስር አስራ አምስት ዓመት የሰራ ሰው በተግባር ኔቹራላይዝድ ነው፣ መብቱን ይጠይቅ» ብለሃል። ወላሂ ይሄን ጂዳ ያለ የወሎ ልጅ አምኖት ከፊሉ (ስፖንሰር የሆነው አሰሪው) ፊት ቢናገረው ምን እንደሚሆን አስበኸዋል? ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ነው፣ የተሳሰረው ከስራውና ከአሰሪው ጋር ነው፣ ከፊሉ ካላደሰው ወይም ሁሩብ ብሎ ካስመዘገበህ፣ ማለትም ጠፍቶብኛል ካለ፣ አስራ አምስት ዓመትህ በአንድ ቀን ህገወጥ ይሆናል። በህዳር 2006 የሆነውን እዚህ ሀገር የማያስታውስ ሰው የለም፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳውዲ ተመለሰ፣ ከነሱ ውስጥ አረብኛውን ከአማርኛው አስበልጦ የሚናገር ነበር፣ ልጆቹን እዛ የወለደ ነበር፣ የሀገሩን መንገድ ከደሴ በላይ የሚያውቅ ነበር። ካንተ መስፈርት አንዱም አልጎደላቸውም፣ ለምደው ነበር፣ ቆይተው ነበር፣ አውሮፕላኑ ግን ጫናቸው። የሳውዲ የዜግነት ህግ አለ፣ ማመልከትም ይቻላል በወረቀት ደረጃ፣ በቤት ሰራተኛነትና በእረኝነት ለሄደ የኛ ሰው ግን ያ በር ክፍት ነው ብሎ መጻፍ ሰውን ማታለል ነው። እዛ ላሉት የሚጠቅማቸው ሌላ ነው፣ ፓስፖርታቸው ቀኑ ሳያልፍ ማሳደስ፣ የኢቃማውን ኮፒ እዚህ ቤተሰብ ጋ ማስቀመጥ፣ እዛ የተወለደን ልጅ ቆንስላ ሄዶ ማስመዝገብ፣ ምክንያቱም ያ ልጅ ጂዳ ተወለደ ብሎ ሳውዲ አይሆንም፣ ኢትዮጵያዊ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው ደግሞ የትም አይገባም።

ከጽሁፍህ ውስጥ ያልተሟገትኩት አንድ ነጥብ ቀርቷል፣ መንግስት ሲናደድብን ዜግነታችንን ሊነጥቀን አይችልም ያልከው። ልክ ነው፣ አንቀጽ 33 ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይነጠቅም ይላል። ሌላውን ካረምከው ላከው፣ ቤታችን በር ላይ አትሜ እለጥፈዋለሁ፣ የልጆቹን ነጥብ ግን ዛሬውኑ አውርደው።